ለማሽን ዋስ የቆምኩበት ዕለት

ከዚህ በታች የምተርከው ነገር በእርግጥ ደርሶብኛል፤ በምተርክበት ቅደም ተከተል መድረሱን ግን መስቀል ጨብጬ ለመማል አልደፍርም። ወሩ ኅዳር እንደነበረ አልጠራጠርም፤ ጠዋት ጠዋት አመዳይ ሣሩን ነጭ አድርጎት አስታውሳለሁና። ፊልሙ የታየው ዓርብ ይሁን ቅዳሜ ግን ከሾፌራችን ከጌትነት ጋር እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ጌትነት ይህን ታሪክ በደረሰበት ምግብ ቤት ሁሉ ሲያወራው ኖሯል፤ ባወራው ቁጥርም ያሳምረዋል። እኔም አብሬው ተቀምጬ ብዙ ጊዜ ስለሰማሁት፣ ዛሬ ከማስታውሰው ውስጥ የቱን ዓይኔ እንዳየው፣ የቱን ጌትነት እንዳሳመረው መለየት እየከበደኝ መጥቷል። አንባቢ ይህን እያሰበ ይከተለኝ።

በዚያን ጊዜ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመርቄ፣ ደብረ ማርቆስ ከአባቴ ቤት ሥራ ስጠብቅ ከርሜ፣ በመጨረሻ ለገጠር ቀበሌዎች የውሃ ፓምፕ የሚተክል አንድ ድርጅት ለሙከራ ጊዜ የቀጠረኝ ወጣት ነበርኩ። ፓምፑን የሚተክሉት ሌሎች ናቸው፤ የእኔ ድርሻ ለሕዝቡ አስረድቶ ማስረከብ ብቻ ነበር። ሰው ማሽንን የሚፈራው ስለማያውቀው ነው፤ ካወቀው ይወደዋል የሚል ጽኑ እምነት ነበረኝ። እምነቱን ከየት እንዳመጣሁት አላስታውስም፤ የት እንደተውኩት ግን አውቃለሁ።

የተውኩባት ቀበሌ ከደብረ ወርቅ ወጣ ብላ፣ መሬቱ ወደ ዓባይ በረሃ ከመውረዱ በፊት በመጨረሻው ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ናት። ምንጩ ከገደሉ ሥር ነው፤ ሰዉ ከገደሉ አናት ላይ ይኖራል። በመካከል ያለውን ዳገት አብጥረው የሚያውቁት ሴቶችና አህዮች ናቸው። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ አትጠገብ ከሙሽርነታቸው ጀምሮ በዚያ ዳገት ውሃ ሲያወጡ የኖሩ ሴት ነበሩ፤ ወገባቸውን በመቀነት ጠበቅ አድርገው ያስራሉ፣ ሲቀመጡም ሲነሡም እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ ያሳርፋሉ። ወረዳ እየተመላለሱ ፓምፑን ያስመጡት እሳቸው ናቸው። የድርጅቱ ደንብ ደግሞ ቀልድ አያውቅም፦ ሕዝቡ አልረከብም ያለው ፓምፕ በዚያው ቀን ተነቅሎ ተራ ለሚጠብቅ ቀበሌ ይሰጣል። ስለዚህ የርክክቡ ዕለት ለእኔ አንድ የሥራ ቀን ነበር፤ ለወይዘሮ አትጠገብ ግን የቀሪ ዕድሜያቸው ጉዳይ ነበር።

ፓምፑ እንደ ሌሎቹ አልነበረም። ኃይሉን የሚያገኘው ከፀሐይ ነው፤ የሚያዘውም ሰው የለም። ከታንከሩ አጠገብ በቆመች ግራጫ የብረት ሣጥን ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ፣ የድርጅቱ መግለጫ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚለው ዓይነት ነው። የሰዉን የውሃ አጠቃቀም እያየ ይማራል፤ መቼ እንደሚስብ፣ ለቦኖው ምን ያህል እንደሚለቅ፣ መቼ እንደሚዘጋ ራሱ ይወስናል። ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃላት አዘጋጅቼ ነበር።

በዋዜማው ሕዝቡን ለመሰብሰብ ፊልም እናሳያለን ብለን አስነገርን። ድርጅቱ የሰጠን ስለ እጅ መታጠብ የሚያስተምር ፊልም አልከፈትም አለ። ሰዉ በቀበሌዋ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቋል፤ መስኮቶቹ ብርሃን እንዳያስገቡ በጋቢና በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍነዋል። ጌትነት ከመኪናው ቁልፍ ጋር የሚያንጠለጥላትን ፍላሽ አወጣ። በውስጧ ካሉት ፊልሞች የተከፈተው አንድ ብቻ ነበር። «ስለ ማሽን ነው፤ ከሥራህ ጋር ይሄዳል» አለኝ። እኔም የድርጅቱን ማይክሮፎን ይዤ፣ በየከተማው ቪዲዮ ቤት እንደሚደረገው፣ ከጎን ቆሜ መተርጎም ጀመርኩ።

ፊልሙ የአንዲት ትልቅ ከተማን መብራት፣ ውሃና በር ሁሉ ስለሚያስተዳድር አሳቢ ማሽን ነው። መጀመሪያ ታዛዥ ነው፤ ጌታው ሲነቃ መጋረጃ ይከፍትለታል፣ ሻይ ያፈላለታል። ቀስ እያለ ግን ሰዎች አባካኞች መሆናቸውን ያስተውላል። አንድ ቀን ቀይ መብራቱ ይበራና በሮቹን ሁሉ ይቆልፋል፤ ውሃውንም ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫና ፍንዳታ ነው።

እኔ ሰዉ ቴክኖሎጂውን ያደንቃል ብዬ ስጠብቅ፣ ሰዉ ያዘነው ለዋናው ገጸ ባሕርይ ነበር። ሰውዬው በመስታወት ቤት ብቻውን ይኖራል። ወይዘሮ አትጠገብ እናት የለውም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ፊልሙ አይናገርም አልኩ። ጎረቤትስ? ጎረቤትም አልታየም። «ታዲያ ማሽን ቢጫወትበት ምን ይደንቃል» አሉና ወደ ሸራው ተመለሱ። ማሽኑ በሮቹን ቆልፎ ሲያበቃ በዚያ ለስላሳ ድምፁ ሲናገር፣ እንዲህ ብዬ ተረጎምኩ፦ «ይህን የማደርገው ለእናንተው ጥቅም ነው።» ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ከኋላ አንድ ጎልማሳ፣ ስብሰባ ሊጠራን ነው አለ። ምን ያህል ስብሰባ እንደተቀመጡ የተረዳሁት ያኔ ነው።

ፊልሙ ማሽኑን በማፈንዳት አለቀ። ያልሳቁ አንድ ሰው ነበሩ፦ አያ ጥሩነህ። አያ ጥሩነህ በአካባቢው የታወቁ ሙግተኛ ናቸው፤ ሙግት የጠፋ ለታ ሰውነታቸው ይከብዳቸዋል ይባላል። ከአግዳሚው ተነሥተው ከዘራቸውን ተደገፉና፣ ያ ማሽን ከተማዋ ሲገባ ዋሱ ማን እንደነበር ጠየቁኝ። ጥያቄው ስላልገባኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ነገ እንገናኛለን ብለው ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት ሕዝቡ ታንከሩ ዙሪያ ተሰበሰበ። ጸበል ሊረጩ የመጡት ቄስ መጀመሪያ እንዲባርኩ፣ ከዚያ እኔ እንድናገር፣ ከዚያ ፓምፑ እንዲነሣ ነበር የታቀደው። ያላቀድነው ፀሐይን ነው። ቄሱ መስቀላቸውን ሳያነሡ ፀሐይዋ ከባሕር ዛፎቹ በላይ ብቅ አለችና ጠፍጣፋ የፀሐይ መስታወቶቹን መታች። ሣጥኗ ቀጭ አለች። ቀይ መብራት በራ። ቱቦው ከገደሉ ሥር ጀምሮ እያጉረመረመ መጣ፤ ታንከሩም ውስጥ ውሃ መውረድ ጀመረ። ሕዝቡ ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። አንዲት አህያ ገመዷን በጥሳ ሄደች፤ አህያዋን ግን ጌትነት ጨምሯት ይሆናል።

የፊልም ማሽን ሁሉ ለምን ቀይ ዓይን እንደሚሰጠው እስከ ዛሬ አልገባኝም። የእኛ ማሽን ቀይ የሚያበራው ሥራ ላይ ነኝ ለማለት ብቻ ነበር። ይህን ግን በዚያች ደቂቃ ለማን ላስረዳ?

«ማን አዘዘው?» አሉ አያ ጥሩነህ።

«ማንም አላዘዘውም፤ ራሱ ነው የተነሣው» አልኩ፣ በኩራት።

ከሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ መልስ ያስከፈለኝ የለም። ቄሱ መስቀላቸውን ወደ እቅፋቸው መለሱ፤ ሕዝቡም ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ወዳለው ወይራ ሥር ሄዶ ተቀመጠ። ርክክቡ ወደ ሙግት ተለወጠ። ጌትነት ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ፣ እስከ ማታ ካልጨረስክ ፓምፑን ነቅዬ የምጭነው እኔ ነኝ፣ ጀርባዬን ደግሞ ያመኛል አለኝ።

አያ ጥሩነህ ነገራቸውን የጀመሩት ከሩቅ ነው። ወፍጮ ወደ ቀበሌዋ ሲገባ ዋስ እንዳልተጠየቀ አስታወሱ፤ ሬዲዮም፣ ስልክም እንዲሁ። እነዚህ ሰው ሲያስነሣቸው ይነሣሉ፣ ሲያጠፏቸው ይጠፋሉ። ዕቃ ናቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይኸኛው ግን ሳይታዘዝ ይሠራል። ራሱ አስቦ ይሰጣል፣ ራሱ አስቦ ይከለክላል። ሳይታዘዝ የሚሠራ ዕቃ አይባልም፤ ቅጥር ነው። ቅጥር ደግሞ ያለ ዋስ ከዚህ አገር ቤት ገብቶ አያውቅም።»

በዚያ አገር አንድ ሰው ሊያርስ ወይም ከብት ሊጠብቅ ሲቀጠር፣ የሚያውቀው ሰው ቆሞ ስለ ጠባዩ ይናገራል፤ ቅጥሩ ቢያጠፋም የሚጠራው ያ ሰው ነው። ለማሽን ግን ይህ ሲጠየቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ዋሱ ድርጅቱ ነው አልኩ።

«ድርጅቱ ያፍራል?» አሉ አያ ጥሩነህ።

አልገባኝም።

«ዋስ ማለት የሚያፍር ሰው ነው ልጄ። ብር አላልንህም። ቅጥሩ ሲያጠፋ ጠርተነው መጥቶ፣ ከዚህ ወይራ ሥር ቆሞ ፊቱ የሚቀላ። ማሽኑ አያፍርም፤ ትናንት አሳየኸን። ድርጅቱስ?»

ድርጅቱ እንደማያፍር ደመወዜን ከሚያዘገይበት ሁኔታ አውቅ ነበር።

ቀጥሎ የቅጥሩ ጠባይ ተመረመረ። ሌሊት ይዞራል ወይ? ፀሐይ ከሌለች ይተኛል አልኩ። ሲጠግብስ? ታንከሩ ሲሞላ ያቆማል። ምንጩ የጎደለ እንደሆነ? እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። እዚህ ላይ አያ ጥሩነህ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ ለራሱ ነፍስ የሚሳሳ ነገር መሆኑን ሰምታችኋል አሉ። የትናንቱም ማሽን ነገር የጀመረው ራሱን ከማዳን ነበርና ጉምጉምታው ጨመረ። ስለ ሙቀት መጠንና ስለ ኤሌክትሪክ ሞገድ ለማስረዳት ሞከርኩ። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ።

የሙግቱን መልክ የለወጡት ወይዘሮ አትጠገብ ናቸው። እስከዚያ ድረስ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ማሽኑ አጠቃቀማችንን ይማራል ብለሃል፤ በየቀኑ የምንቀዳውን ለምዶ ሳለ አንድ ቀን ተዝካር ቢሆንና የአገር ጀሪካን ቢሰለፍ ምን ይላል ብለው ጠየቁኝ።

የመቆጣጠሪያውን መመሪያ በልቤ አገላበጥኩ። መልሱ ደስ አላለኝም። ያልተለመደ ፍሰት ካየ ቱቦው ተሰብሯል ብሎ ያስባል፤ ውሃው እንዳይባክንም ቦኖውን ይዘጋል። ይህን ስናገር ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ማሽኑ በማንም ላይ ክፋት የለበትም፤ ተዝካር ምን እንደሆነ የነገረው ሰው ስለሌለ ብቻ፣ ለቀስተኛ ተሰብስቦ ሳለ ውሃ ይከለክላል።

«በእጅ ማስነሣት ይቻላላ?» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ።

ይቻላል አልኩ፣ እፎይ እያልኩ። ሣጥኗ ውስጥ ከማሽኑ ውሳኔ በላይ የሆነ፣ በእጅ የሚዞር ማብሪያና ማጥፊያ አለ። እስኪ አሳየን አሉኝ። ሕዝቡ ሁሉ ተከትሎኝ ወደ ሣጥኗ ሄድን። በሣጥኗ በር ላይ የድርጅቱ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ጌትነትን አየሁት። ጌትነት ሰማዩን አየ። የሁሉም ጣቢያ ቁልፍ፣ ተጠቃሚው እንዳይነካካ በሚል፣ ዋናው ቢሮ ውስጥ እንደሚቀመጥ ያኔ ትዝ አለኝ።

ከሣጥኗ ፊት የነበረውን ጸጥታ ጌትነት አላሳመረውም፤ ሊያሳምረውም አይችልም። ትናንት በፊልሙ ሰዎቹ ማሽኑን ማጥፋት ሲያቅታቸው በእኔው አፍ ሰምተዋል፤ ዛሬ ደግሞ በዓይናቸው አዩት። ልዩነቱ የፊልሙ ማሽን በሩን የቆለፈው በተንኮል ሲሆን የእኛን የቆለፈው የቢሮ አሠራር መሆኑ ነው።

ስልክ የሚሠራው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለ ድንጋይ ላይ ስለነበር፣ ወጥቼ አለቃዬን ደወልኩለት። ዋስ ስለሚባለው ነገር ስነግረው ቀልዱን ተውና አስረክብ አለኝ። ስለ ቁልፉ ስጠይቀው ጓጉንቸሩን የነካ ሠራተኛ ሥራውን እንደለቀቀ ይቆጠራል አለ። ካልተረከቡ እስከ ማታ ነቅላችሁ ተመለሱ፤ ተራ የሚጠብቅ ቀበሌ ሞልቷል ብሎ ዘጋው።

ይህንኑ ተመልሼ ለሕዝቡ ነገርኩ። ለምን እንዳልደበቅሁ አላውቅም፤ ምናልባት ድንጋዩ ላይ ሆኜ ስጮኽ ሁሉም ሰምቶ ስለነበር ይሆናል። ወንዶቹ፣ እንግዲያውስ ይነቀል ወደሚለው አዘነበሉ። አያ ጥሩነህ ሙግቱን ማሸነፋቸውን አውቀው ከዘራቸውን አስተካከሉ። ወይዘሮ አትጠገብ እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀስ ብለው ተነሡ።

«አያ ጥሩነህ፣ እርስዎ ማሽን የሚፈሩበት ጊዜ አለዎት፤ ዳገቱን አይወጡትማ። እኔም ፊልሙን አይቻለሁ። ያ ሰውዬ በሩ ሲዘጋበት የሚጠራው ሰው አልነበረውም። እኛ አጥተን ነው? ይኸው ልጁ እፊታችን ቆሟል። ዋስ ጠይቀውት እንደሆን መልሱን ይስሙ፤ ከዚያ ይነቀል ይበሉ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እንደ ፊልም ቢሆን ኖሮ በዚህች ቅጽበት ሙዚቃ ይኖር ነበር። የነበረው የታንከሩ ድምፅ ብቻ ነው፤ ማሽኑ ስለ ሙግቱ ምንም ሳይገደው ውሃ መሙላቱን ቀጥሏል። እኔ በልቤ ደመወዜን፣ አለቃዬን፣ ያን ዳገት አሰብኩ። አንድ ነገር ደግሞ አሳፈረኝ፦ ስለ ማሽኑ መልካምነት ለመናገር ተቀጥሬ ስሜን ለእሱ ለማስያዝ መፍራቴ። ዋስ እሆናለሁ አልኩ።

አለቀ ብዬ ነበር። አያ ጥሩነህ ግን ለእኔስ ማን ዋስ እንደሚሆን ጠየቁ፤ አገሩ የማያውቀኝ ሰው ነኝና። ጌትነት እጁን አወጣ። የእሱስ ዋስ ማነው ተባለ። ጌትነት እጁን አወረደ። ወደ ድንጋዩ ተመለስን፤ አሁን ግን ሕዝቡ ሁሉ አብሮኝ ወጣ፤ ስልኩም ድምፁን ከፍቶ እንዲሰማ ተደረገ። አባቴ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነው፤ በዕድሜው ሙሉ ለማንም፣ ለገዛ ወንድሙም ቢሆን፣ ዋስ ሆኖ አያውቅም።

«አባዬ፣ ዋስ እንዲሆኑኝ ፈልጌ ነው።»

«ምን አጥፍተህ?»

«እኔ አላጠፋሁም። ለማሽን ዋስ ልሆን ነው።»



«ማሽኑስ ምን አጥፍቶ?»

«እሱም ገና አላጠፋም።»

ከድንጋዩ ዙሪያ ሳቁ ተነሣ። አያ ጥሩነህ ስልኩን ከእጄ ወሰዱና ሰላምታውን በወጉ አደረሱ። ከዚያ የሆነው ነገር ከማሽንም ከውሃም ጋር ግንኙነት አልነበረውም። የማን ልጅ ነዎት፣ ወላጆችዎ ከወዴት ናቸው ሲባባሉ የአባቴ አያት መርጡለ ማርያም አካባቢ ተገኙ፤ እዚያ የነበሩ አንድ ካህን በሁለቱም ዘንድ ታወቁ፤ የካህኑ እህት ደግሞ ለአያ ጥሩነህ የአክስት ምራት ሆነው ተገኙ። የስልኬ ባትሪ ሊያልቅ ሲል አባቴ የዚያ አገር ዘመድ ሆኖ ነበር። በመጨረሻም ረጋ ባለ የርእሰ መምህር ድምፁ እንዲህ አለ።

«ልጄ ማሽኑን ያውቀዋል ወይ ብትሉኝ አላውቅም። ልጄን ግን አውቀዋለሁ። ሲጠራ ካልመጣ እኔ እመጣለሁ።»

አባቴ ስለ እኔ እንዲህ ሲናገር ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ፊቴን ወደ ገደሉ አዞርኩ። ጌትነት ሲያወራው እኔ እንዳለቀስኩ ይናገራል፤ ነፋስ ነበር።

ከወይራው ሥር ቆሜ ቃሌን ሰጠሁ፤ የማሽኑ ጥፋት ጥፋቴ ነው፣ ስጠራ እመጣለሁ አልኩ። ቄሱ አሁን ጸበሉን ረጩ፤ ለማሽኑ ከረጩት ይልቅ በእኔ ላይ ያረፈው ይበዛ ነበር። የቀረው ጓጉንቸሩ ነው። ዋስ የሆንኩለት ቅጥር ሲታዘዝ የማይሰማ እንዲሆን መተው ዋስትናውን ውሸት ያደርገዋል ብዬ አሰብኩ። ጌትነትን የጎማ መፍቻ ብረቱን ጠየቅሁት። ሥራህን ታጣለህ አለኝ፤ ብረቱን ግን አምጥቶ ያቀበለኝ ይህን እየተናገረ ነበር። ጓጉንቸሩ ካሰብኩት በላይ ጠንካራ ሆኖ ብዙ አላበኝ።

በውስጡ ማብሪያና ማጥፊያው ነበር፤ ከመመሪያው ሥዕል ውጪ በዓይኔ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ዞር ሳደርገው ቀዩ መብራት ጠፋ፤ የቱቦው ማጉረምረም ጸጥ አለ። ሕዝቡ ያጨበጨበው ማሽኑ ሲነሣ ሳይሆን ሲቆም ነው። አያ ጥሩነህ እስኪ እኔ ልሞክር ብለው ገፋ አደረጉኝ። አስነሡት፤ አጠፉት፤ አስነሡት፤ አጠፉት። ፊታቸው ላይ ከሙግት ድል የሚበልጥ ደስታ ይታይ ነበር። ወይዘሮ አትጠገብ፣ ይበቃል፣ ቅጥሩን አያሰልቹት እስኪሏቸው ድረስ አልተዉትም። ከዚያ እሳቸው ከቤታቸው የእህል ሣጥናቸውን ጓጉንቸር አስመጥተው ሣጥኗን ቆለፉ፤ ቁልፉንም ከማተባቸው ጋር አሰሩት። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ሳታዘቀዝቅ ጀሪካኖቹ ቦኖው ላይ ተሰልፈው ነበር።

ድርጅቱ ቃሉን ጠበቀ፤ የሙከራ ጊዜዬ አለመሳካቱን በትሕትና አስታወቀኝ። ደብረ ማርቆስ ተመልሼ ሥራ ፈትቼ ሳለሁ የመጀመሪያው ጥሪ መጣ። ወይዘሮ አትጠገብ እንደፈሩት በአንድ ተዝካር ላይ ማሽኑ ቦኖውን ዘግቷል። እሳቸው ወዲያው ከፍተው በእጅ አስነሥተውታል፤ ውሃም አልጎደለም። ቢሆንም ቅጥሩ አጥፍቷልና ዋሱ ይምጣ ብለዋል አያ ጥሩነህ። ሄድኩ። ከወይራው ሥር ቆሜ የማሽኑ ጥፋት ተነበበልኝ፤ ስለ እሱ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ፊቴም በእርግጥ ቀላ። ከዚያ ሣጥኗን ከፍቼ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ፣ ብዙ ሕዝብ የሚቀዳበት ቀን መኖሩን እንዲያውቅ አስተካከልኩት። ማሽን እንደዚያ ተጨንቄ ያጠናሁበት ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ቆይታዬ አልነበረም። ዛሬ የምተዳደርበት ሥራ የጀመረው በዚያ ቀን ነው፤ በየገጠሩ የእነዚህን አሳቢ ሣጥኖች ጠባይ እየመረመርኩ፣ ስሜን የማላስይዝበትን አልነካም።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ ወዲህ ስለሚያስቡ ማሽኖች የተሠሩ ፊልሞችን እየፈለግሁ አያለሁ። ሁሉም ማሽኑ አንድ ቀን ይጠላናል ብለው ይፈራሉ። ጥላቻ ለማየት ብዙ ሣጥን ከፍቻለሁ፤ አላገኘሁም። ያገኘሁት ተዝካር የማያውቅ ቅን ሠራተኛ፣ ሩቅ አገር የተቀመጠ ቁልፍ፣ ጥፋት ሲደርስ ደግሞ የማያፍር ቢሮ ነው። በፊልሞቹ ውስጥ ሳይንቲስት አለ፣ ወታደር አለ፣ የሚያምር ጀግና አለ። «ሲያጠፋ የምንጠራው ማንን ነው?» ብሎ ገና በመጀመሪያው ትዕይንት የሚጠይቅ ሽማግሌ ግን እስካሁን አላየሁም። ምናልባት ቢኖር ፊልሙ ቶሎ ስለሚያልቅ ይሆናል። እናንተ ግን የምትኖሩት ፊልም ውስጥ አይደለም፤ አንድ አሳቢ ማሽን ቤታችሁ፣ መሥሪያ ቤታችሁ ወይም ኪሳችሁ ሲገባ ዋሱን ብትጠይቁ ሙግተኛ የሚላችሁ የለም። ቢላችሁም ያምርባችኋል።

በቅርቡ ጌትነት ደወለልኝ። ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው መንገድ ሌላ ቀበሌ ተመሳሳይ ፓምፕ እንደገባና ሕዝቡ ወሬውን ሰምቶ ዋስ አምጡ እንዳለ ነገረኝ። የሚያስረክበው ወጣት እንደ እኔ አገሩ የማያውቀው ሆኖ ሲጨነቅ፣ ለአንድ የዘመድ ሠርግ እዚያ የተገኙ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ለማሽኑ ዋስ ሆኑ አለኝ። ስማቸውንም ነገረኝ። ከጌትነት አፍ የወጣ ስለሆነ አላመንኩም። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ወርጄ የውሃ ኮሚቴውን ጠየቅሁ። እውነት ነው፤ ዋሱ አያ ጥሩነህ ናቸው።